«ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ»፦ የተሳሳተው ስያሜው ነው ወይስ እኔ?

ጠያቂ፦ ተማሪ ነርስ
ሰላም ለሁላችሁም። የነርስነት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አወቃቀርና አሠራር) የምንማረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ነገሩ በትክክል እንደገባኝ የማረጋግጠው ለራሴ በአማርኛ ሳስረዳው ነው። ከደም ሥሮች አርተሪ «ደም ቅዳ»፣ ቬይን ደግሞ «ደም መልስ» እንደሚባሉ ከልጅነት ትምህርቴ አስታውሳለሁ። ይሁን እንጂ ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ወደ ቤት ነውና፣ «ቅዳ» የሚለውን ስሰማ ደምን ወደ ልብ የሚያመጣ ቧንቧ ይመስለኝ ነበር። ላለመሳሳት ስል «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም፣ ደም መልስ ቆሻሻ ደም ይሸከማል» ብዬ ሸመደድኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ የተቃጠለ አየር የበዛበትን ደም ይዞ ሳለ ደም ቅዳ መባሉን፣ ከሳንባ የሚመለሰው ደግሞ ኦክስጅን የጠገበ ደም ይዞ ደም መልስ መባሉን ስናነብ፣ የሸመደድኩት ሁሉ ፈረሰብኝ። ስያሜው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ?

መልስ፦ የፊዚዮሎጂ መምህር
ስያሜው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ሽምደዳው ነው። መቅዳት ከወንዝ ማምጣት ብቻ አይደለም። ድግስ ላይ ጠላ የሚቀዳው ሰው ማሰሮውን ይዞ በእንግዶች መካከል እየዞረ ለየሰዉ ይሞላል እንጂ ወደ ራሱ አይሰበስብም። «ደም ቅዳ» የሚለውን በዚህ ትርጉሙ ይያዙት፦ ደምን ከልብ የሚያወጣ ማንኛውም ቧንቧ ደም ቅዳ ነው፤ ወደ ልብ የሚያስገባው ደም መልስ ነው። የተሸከመው ደም ኦክስጅን ይብዛበትም ይነስበትም ስሙን አይለውጠውም።

እንዲያውም በዚህ ረገድ አማርኛው «አርተሪ» ከሚለው ከግሪክ የመጣ ቃል ይሻላል ባይ ነኝ። በሬሳ ውስጥ አርተሪዎች ባብዛኛው ባዶ ሆነው ስለሚገኙ፣ የጥንት ግሪኮች አየር የሚያመላልሱ መስሏቸው ነበር። ደም እንደሚይዙ ሐኪሙ ጋለን በ2ኛው መቶ ዘመን አሳየ፤ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚዞር መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ያሳተመው ግን ገና በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛዎቹ ሁለት ቃላት ያንን ዑደት ራሱን ይናገራሉ።

የግድግዳቸው ልዩነትም ከዚሁ ይከተላል። የጎልማሳ ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ወደ መላ ሰውነት የሚወጣው ደም ግፊት በየምቱ ወደ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት መለኪያ) ስለሚደርስ፣ የደም ቅዳው ግድግዳ ወፍራምና የሚለጠጥ ነው። ወደ ሳንባ የሚሄደው ግን 25 ገደማ ብቻ ስለሆነ ግድግዳው ሳሳ ይላል። ደም መልሶች ግፊታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በተለይ በእግርና በእጅ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ከፈኖች (ቫልቮች፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች) አሏቸው።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
«ቆሻሻ ደም» የሚለውን አነጋገር ብንተወው ደስ ይለኛል። ከክርን መታጠፊያ ደም ስቀዳ፣ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ጠቆር ያለ ደም አይቶ «ደሜ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም። በእረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው፣ ከመላ ሰውነት የሚመለሰው ደም ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ንጥረ ነገር) እንኳን አሁንም ሦስት አራተኛ ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ ነው። «ኦክስጅን የቀነሰ ደም» ማለት ይበቃል።

ስለ አቅጣጫው ደግሞ፣ ማሰሪያውን ከክርን በላይ ሳስር ደም ሥሩ የሚወጠረው ከማሰሪያው በታች፣ በእጅ ጣቶች በኩል ነው። ወደ ልብ ሊመለስ የነበረው ደም መንገድ ተዘግቶበት ነው የሚጠራቀመው። ተለማምደው ሲያዩት፣ «መልስ» የሚለው ቃል ያኔ በደንብ ይገባዎታል።

መልስ፦ አዋላጅ
ከሳንባው ሌላ ሸምዳጆችን የሚያስት እትብት ነው። ከወሊድ በኋላ የተቆረጠውን ጫፍ ስንመለከት ሦስት ቀዳዳዎች እናያለን፦ አንዱ ሰፋ ያለና ግድግዳው የሳሳ፣ ሁለቱ ጠባብና ግድግዳቸው የወፈረ። ሰፊው ደም መልስ ሲሆን፣ ከእንግዴ ልጁ ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ ፅንሱ የሚያመጣው እሱ ነው። ሁለቱ ደም ቅዳዎች ከፅንሱ ወደ እንግዴ ልጁ ይሄዳሉ። እዚህ ላይ አቅጣጫው የሚለካው ከፅንሱ ልብ ነው፤ ከእናቲቱ ልብ ለመነሳት የሞከረ ሁሉ ይደናገራል።

ጠያቂ፦ ተማሪ ነርስ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ ከአንጀት ተነስቶ ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ቧንቧ ደም መልስ ተብሏል፤ የሚደርሰው ግን ጉበት እንጂ ልብ አይደለም።

መልስ፦ የፊዚዮሎጂ መምህር
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ትርጉሜን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ያ ደም ከልብ በደም ቅዳ ወጥቶ በአንጀት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ የመልስ ጉዞውን ጀምሯል፤ ብቻ መንገድ ላይ ከምግብ የሰበሰበውን ይዞ ጉበት ዘንድ ጎራ ይላል። እዚያ እንደገና በቀጫጭን ቧንቧዎች ይበተናል፣ ከዚያም በሌሎች ደም መልሶች ተሰብስቦ ወደ ልብ የቀኝ ክፍል ይገባል። መጽሐፍዎ ላይ ያለውን ሥዕል ከአንጀት ጀምረው በጣትዎ ይከተሉት።