የአያቶቼ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ወደ ውጭ ተነፋ፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (መንዝ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ የአያቶቼ ቤት ነው። ክብ ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ክዳኑ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር። ውስጡ መደብ፣ ጓዳና ጋጣ አለው፤ ለብርዱ ሲሉ ከከብቱ ጋር አንድ ጣራ ሥር ነበር የሚያድሩት። ካቻምና አንድ ግንበኛ ከውጭ በሲሚንቶ ለሰነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ልስኑ መላጥ ጀመረ፣ ከበሩ በስተግራም ግድግዳው ተነፋ። አሁን ደግሞ አፍርሰህ በቆርቆሮ ሥራው ይለኛል። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ዕድሜውንስ በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ (ግንበኛ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ወንድሜ፣ እንዳታፈርሰው! የጎዳው ሲሚንቶው ነው። የጭቃ ግንብ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀርና ጭቃውን ያላላዋል። ልስኑን ቀስ ብለህ አስነሳና ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ አስመርገው። የተነፋውን ምርጊት አያድነውም። ጣራውን በባላ ደግፈህ ያንን ክፍል ብቻ አስፈታ፣ በራሱ ድንጋይ መልሰህ አስገንባ። በየመሃሉ ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይግባበት፤ ሁለቱን ፊት የሚያስረው እሱ ነው። ግድግዳው ሥርም ቦይ ቅደድለት። ሥራው በበጋ ይሁን።

መልስ (ጌራ ምድር)፦ እኔ ከክዳኑ ጀምር እላለሁ። ከላይ እያፈሰሰ ግድግዳ መጠገን ከንቱ ድካም ነው። ጓሳ ግን ዝም ብሎ አይታጨድም። ድሮ የአስቦና የጌራ ሰዎች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ። የጓሳው መሬት ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ቀበሌህን አስቀድመህ ጠይቅ።

መልስ (አንኮበር)፦ ለዕድሜው እንጨቱን እይ። ባህር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፣ ስለዚህ ባህር ዛፍ ካየህ ያ እንጨት ከዚያ ወዲህ የገባ ነው። ወራጁ (ክዳኑን የሚሸከመው የጣራ እንጨት) ክዳን ሲታደስ ስለሚቀየር ምሰሶውን ተመልከት። ትልልቅ ሰዎችን ስትጠይቅ ደግሞ ዓመተ ምሕረት አትበል፣ "ጣሊያን ሲገባ ይህ ቤት ነበር ወይ?" ብለህ ጀምር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ምሰሶው ጽድ ነው፣ ወራጁ ባህር ዛፍ። እሑድ የአባቴን አክስት እጠይቃቸዋለሁ። የተነፋው 2 ሜትር ገደማ ነው፣ ስንት ባላ ይበቃዋል?

ግንበኛ፦ ሳላየው ቁጥር አልነግርህም። ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሳና ለጥፍ፣ እስከዚያ በዚያ በኩል ማንም አይተኛ።