ክርክር፦ ከጀርባ የማይወጋ ሮግ፣ ሮግ ነው ወይ?

የአራት ኪሎው፦
ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ጌም ቤት የጀመርነው ክርክር መብራት ጠፍቶ በእንጥልጥል ቀረ። እዚህ እንጨርሰው።

ላልነበራችሁ ነገሩን ልንገራችሁ። ሮግ ተደብቆ ተጠግቶ በጩቤ የሚወጋው ገጸ ባሕርይ ነው። እንደ ፈረንጆች በ2004 በወጣው የኢንተርኔት ጨዋታ፣ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ባክስታብ የሚባል ምት አለው። በድሮው ሕግ ይህን ምት ከፊት ሆነህ ብትጫነው አይሠራም። ከጀርባው መሆን አለብህ የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣብሃል። በአሁኑ ጨዋታ ግን ከፊትም ትወጋለህ። ከጀርባ ከሆንክ ጉዳቱ 20 በመቶ ይጨምርልሃል፣ በቃ። ክላሲክ የሚባለው የጨዋታው የድሮ እትም አሁንም የድሮውን ሕግ ይዞ አለ።

ጥያቄው፦ ግዴታው መቅረቱ ልክ ነው ወይ? እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ሮግ የለበሰው ቆዳ ነው። ጋሻ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር የት እንደሚቆም ማወቁ ነው። ልጆች ሆነን ኩኩሉ ስንጫወት በፈላጊው ፊት ለፊት የሚሮጥ አልነበረም። እዚህም ተደብቀህ ስትጠጋ በፊቱ በኩል ከሄድክ ቶሎ ያይሃል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀህ ደርሰህ፣ ከዚያ የትም ሆነህ ብትወጋ ግድ ከሌለው ምኑን ሮግ ሆንክ?

የካዛንቺሱ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን የምንጫወተው ከየት እንደሆነ አትርሳ። እኔ የምገባበት ሰርቨር፣ ጨዋታውን የሚያስኬደው ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ያለው አውሮፓ ነው። ፒንጌ፣ ማለትም ትእዛዜ ሰርቨሩ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ማታ ማታ 200 ሚሊሰከንድ ይገባል። በጨዋታው ሰው በሰከንድ 7 ያርድ ይሮጣል። በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1.4 ያርድ ሄዷል ማለት ነው። የጩቤ መድረሻ ደግሞ 5 ያርድ ገደማ ነው።

ስለዚህ እኔ ስክሪኔ ላይ ጀርባውን አያለሁ፣ ሰውየው ግን ዞሯል። የሚፈርደው ሰርቨሩ ነው። ጀርባው ላይ ተለጥፌ ያ ቀይ ጽሑፍ ሦስቴ አራቴ ሲደጋገምብኝ አንጀቴ ያርራል። ሰርቨሩ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ይህን አያውቀውም። ግዴታው የሚቀጣው ችሎታ የሌለውን ነው ካላችሁኝ አልቀበልም። የሚቀጣው ሩቅ ያለውን ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦
እኔ ሂለር ነኝ፣ ጓደኞቼን የምፈውሰው፤ ከኔ በኩልም እዩት። ፒንግ ያልከው ሰው ከሰው ሲጋጠም ይገባኛል። ሬይድ ላይ፣ ብዙ ሆነን ቦስ የሚባለውን ትልቅ ጠላት ስንገጥም ግን፣ ቦሱ ታንኩ (ምቱን የሚቀበልልን ተጫዋች) ባቆመው ቦታ ቆሞ ነው የሚደበደበው። እዚያ ፒንግ ሰበብ አይሆንም።

ደግሞ ከፊት መቆም ያንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በክላሲክ ቦሱ ከፊቱ የመጣ ምት ይመክታል፣ ከኋላው የመጣ ግን አይመክትም። ሲመክት ደግሞ የራሱ ቀጣይ ምት ይፈጥናል። ያ ምት የት ያርፋል? ታንኩ ላይ! ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሮግ ታንኩ ጎን ተለጥፎ ሲወጋ ነበር። ትልቁን ፈውስ ጀምሬ ነበር፣ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ሳይጨርስ ሁለት ምት ተከታትሎ አረፈ። የታንኩ አረንጓዴ የሕይወት መስመር ግማሽ ላይ ነበር፣ ባዶ ሆነ። ሁሉም ሰው ሂለሯ የት ነበረች አለ። ልጁ ምን እንዳጠፋ እንኳ አላወቀም። ስለዚህ ግዴታው ኖረም አልኖረም፣ እባካችሁ ከኋላ ቁሙ።

የመርካቶው፦
ከጀርባ ብቻ የሚያውቅ ሮግም ጎዶሎ ነው። ክላሲክ ላይ ጋውጅ የሚባለው ምት የሚሠራው ጠላትህ ወደ አንተ ዞሮ ሲያይህ ነው። ፊቱን ትመታዋለህ፣ 4 ሰከንድ ይደነዝዛል። እጅህን ሰብስብ፣ ከነካኸው ይነቃል። በዚያ 4 ሰከንድ 40 ኢነርጂ፣ ለምት የምትከፍለው ጉልበት፣ ይሞላልሃል። ባክስታብ 60 ይፈልጋል። 20 አስቀርተህ ከነበረ ዞረህ ጀርባው ላይ ትጠብቀዋለህ፣ ልክ ሲነቃ ትወጋዋለህ። ከፊት ወደ ኋላ የሚደረገው ይሄ ዙር ነው ጨዋታው። ግዴታው ሲቀር ዙሩ አብሮ ይቀራል።

ጋሼ፣ የጌም ቤቱ ባለቤት፦
ልጆች፣ እኔ እንደናንተ አልጫወትም፣ ከኋላችሁ ቆሜ ግን ብዙ ዓመት አይቻለሁ። ጃን ሜዳ ጉግስ ሲደረግ ያየ ሰው ይህን ነገር ቶሎ ይረዳል። አሳዳጁ ከኋላ ዘንግ ይወረውራል። ተሳዳጁ ምን ያደርጋል? ፈረሱን እየጋለበ ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። ሰዉ የሚያጨበጭበው ለወርዋሪው ብቻ አይደለም። በደንብ ለመከተውም ነው።

እናንተ የምታወሩት ስለ ወጊው ብቻ ነው። ተወጊውስ? አንዱ ልጅ ሮግ ሲመጣበት ሁልጊዜ ሮጦ ግድግዳ ይደገፋል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይዋጋል። ከፊትም ይወጋ ከተባለ የዚያ ልጅ ብልሃት ምን ይሠራለታል?

የካዛንቺሱ፦
ጋሼ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትዎን ነው። ግድግዳ የሚደገፈው እኮ እኔ ነኝ።

ግን ቀዩን ጽሑፍ አሁንም አልቀበልም። ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን ሌላ ጨዋታ እዩት። እዚያ ሮግ አድጎ ኒንጃ ይሆናል። አንዱ ምቱ ከኋላ፣ ሌላው ከጎን ሲሆን ይበረታል። ጠላቱ ሥር በተሰመረው ክብ ፊቱ የት እንደሆነ ታያለህ። ቦታ ብትስት ምቱ ይቀንሳል እንጂ አይከለከልም። ትሩ ኖርዝ የሚባል ችሎታም አለ፣ ለ10 ሰከንድ የትም ብትቆም ይቆጠርልሃል። ቦታው ዋጋ አለው፣ ፒንግም አይገድልህም። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

የአራት ኪሎው፦
ለዚያ ዓይነቱ እሺ። 20 በመቶ ግን ትንሽ ነው፣ ሰዉ ለመዞር አይደክምበትም።

አንድ ነገር ግን ለአዲሶቹ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኋላ ቁሙ ሲባል ብዙዎች ጅራት ላይ ይቆማሉ። ኦኒክሲያን በ40 ሰው ስንገጥም የመጀመሪያ ቀን እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ዘንዶዋ ከፊት እሳት ትተፋለች፣ ከኋላ በጅራቷ ትጠርጋለች። ጠረገችኝና እንቁላሎቿ መሃል ወደቅሁ። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ሁላችንንም ወረሩን። አንድ ነባር ተጫዋች ነው በኋላ ያሳየኝ። ጨዋታው ጀርባ የሚለው የኋላውን ግማሽ ክብ በሙሉ ነው። የኋላ እግሯ አጠገብ፣ ወደ ጎኗ ጠጋ ብለህ ቁም። ባክስታቡ ይሠራል፣ እሳቱም ጅራቱም አያገኝህም። ያን ቀን ነው ሮግ መጫወት የጀመርኩት ብዬ የማስበው።

የካዛንቺሱ፣ ቅዳሜ ማታ ባንተ አካውንት፣ ባንተው ሰርቨር እኔ ልጫወት። ቀዩ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደሚወጣብኝ ቁጠር። ጋሼ፣ ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ይያዙልን።

የስድስት ኪሎዋ፦
እኔም እመጣለሁ። ያን አዲሱን ሮግም ይዤው እመጣለሁ።