«ሊጥ ማቡካት ሳይንስ ከሆነ እናቴም ፕሮፌሰር ናት»?

ከአባይ ማዶ፦
ትናንት የሰፈር ግሩፕ ላይ አንድ የማከብራቸው የሒሳብ መምህር የጻፉት ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። ለክረምት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉትን ሰብስበው ፖሊመር (ትናንሽ ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ነገር) በእጅ እያስነኩ ያስተምራሉ፤ ኮላ ከቦራክስ ያዋህዳሉ፣ ወተት በኮምጣጤ ያረጋሉ፣ ዳይፐር ቀደው ያሳያሉ። መምህሩ ፎቶውን አይተው «ልጆቻችን ሲያቦኩ ዋሉ፤ ሊጥ ማቡካት ሳይንስ ከሆነ እናቴም ፕሮፌሰር ናት» አሉ። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ታናሽ እህቴ እዚያ ነበረች፣ ቤት ስትገባ ራት እንኳ ሳትበላ ነው ስታወራኝ ያመሸችው። ሌላው ቢቀር የሰው ልጅ ጉጉት አይሳቅበትም።

የኔታ ቁጥሩ፦
እኔ ነኝ ያልሁት፣ ስሜን ምን አስደበቀህ። አሁንም እላለሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሹን ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመ፣ ክፍልፋይ መደመር የጠፋው ልጅ ነው። እሱን ይዘህ ኮላ ታስቦካዋለህ? ማቡካት ሳይንስ አይደለም፣ አራት ነጥብ።

ጮቄ ንፋስ፦
😂😂 የኔታ ገና ከእንቅልፍ ሳይነሱ ዱላ አነሱ

ቢቸናዊት፦
መምህር እርስዎን አከብራለሁ ግን «እናቴም ፕሮፌሰር ናት» ብለው ሲያፌዙ እናትዎ ትሰማለች። አብሲት ለምን እንደሚጣል ያውቃሉ? ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን፣ ሊጡን የሚያለጥጠው ፕሮቲን፣ የለውም፣ አረፋውን ይዞ ዓይን የሚያወጣለት ያ ተቀንሶ የፈላው ቡኮ ነው፣ ስታርቹ ሲፈላ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይለጥጣል። ስታርች ደግሞ ፖሊመር ነው። እናትዎ ፖሊመር ስታበስል ነው የኖረችው፣ ያላወቁት እርስዎ ነዎት።

የኔታ ቁጥሩ፦
እናቴን ለምን አብሲት እንደምትጥል ጠይቂያት። «እናቴ እንዲህ ስታደርግ አየሁ» ነው የምትልሽ። እሱ ልማድ ነው። ሳይንስ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ስለዚህ አንቺ ራስሽ የእኔን ነገር አጠናከርሽው፣ አመሰግናለሁ።

ቢቸናዊት፦
ብርድ ሲሆን እርሾ ታበዛለች፣ ዱቄቱ ሲለወጥ ውሃውን ትቀንሳለች፣ አይታ ነው። አዲስ ምጣድ ሲገዛ በጎመን ዘር ደጋግማ አሟሽታ አይደል ወይ የምትጋግርበት? ዘይቱ በሙቀት እርስ በርሱ ተሳስሮ ነው ያን ጥቁር ልስልስ ገጽ የሚሠራው። ይሄን ሁሉ «ልማድ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው።

ከደጀን በታች፦
እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው፤ በፍልሰታ ወተት???

ኮላው፦
ወንድሜ አልጠጣነውም እኮ አረጋነው እንጂ። ደግሞ አንድ ሊትር ናት።

ከደጀን በታች፦
አንዷ ሊትር አሁን ስንት ብር እንደሆነች ታውቃለህ? ጎረቤቴ ልጅ ታጠባለች ወተት አጥታ

ኮላው፦
እሺ፣ ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነኝ። ብሩ ከኪሳችን ነው። ኮላው አናጢ የሚጠቀምበት ነጩ ነው፣ ቦራክሱን ወርቅ አንጥረኛ ቤት ሄደን ነው ያገኘነው፣ ብየዳ ላይ ይጠቀሙበታል። የኔታ «ሲያቦኩ ዋሉ» ላሉት፣ ምን እንደተሠራ ልንገርዎት። በመጀመሪያ ኮላውን በማንኪያ አንስተው እንዴት እንደሚፈስ አዩ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ የሟሟ ቦራክስ ጠብ ሲደረግበት ማንኪያው ላይ ተጠቅልሎ ወጣ። ለምን? ኮላው ረጃጅም ሰንሰለት ነው፣ ቦራክሱ ሰንሰለቱን ከሰንሰለት ያያይዘዋል። ይህን ለማሳየት ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘን አሰለፍናቸው፣ ከዚያ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ነጠላ አሰርን፣ ሩጡ ስንላቸው መሮጥ አቃታቸው። አንዱ ልጅ ያቦካውን ድቡልቡል አድርጎ መሬት ላይ ሲወረውረው ነጠረ፤ ዴስክ ላይ ትቶት ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ቀስ ብሎ ተንጣሎ ከጠርዙ ወርዶ ወለሉ ላይ ሊደርስ ነው። «ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ?» ብሎ ሲጮህ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ይሄ ነው ማቡካት?

የኔታ ቁጥሩ፦
አዎ ይሄ ነው። ነጠላ ማሰር ተጨመረበት እንጂ።

ጮቄ ንፋስ፦
😂😂😂 ነጠላውን ማን መለሰው?

ላብራቶሪ ቤት፦
እኔ ከልጆቹ ጎን ነኝ፣ ግን ትክክሉ ይነገር። ወተት በኮምጣጤ ስታረጋው የምታገኘው ካሲን ነው፣ እሱስ የፕሮቲን ፖሊመር ነው። ሆኖም ፎቶው ስር «ፕላስቲክ ሠራን» ተብሎ ተጽፏል። ድሮ ጀርመኖች ቁልፍና ማበጠሪያ የሠሩበት የካሲን ፕላስቲክ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ውስጥ ለሳምንታት ይነከር ነበር፣ ጥንካሬውን የሰጠው እሱ ነው። የእናንተው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ካገኘው ይለሰልሳል። ለልጅ ግማሽ እውነት አይነገርም። ደግሞ ቦራክስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ቆሎ መብላት የለም፣ ፎቶው ላይ አንዱ ጉንጩን ሞልቷል።

ኮላው፦
ፎርማሊን ለ7ኛ ክፍል ልጅ ላቅርብ ታዲያ? የተሰነጠቀውን እኛው አሳየናቸው፣ «ምን ጎደለው» ብለን ነው የጠየቅነው። እጅ መታጠቡን ተቀብያለሁ፣ ቆሎው የእኔ ጥፋት ነው።

ላብራቶሪ ቤት፦
እንደዚያ ከሆነ «ፕላስቲክ ሠራን» አትበሉ፣ በቃ።

ባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር፦
ማርቆሶች ዛሬ ፖሊመር አገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ 😀 እኛ ዘንድ ፖሊቴክኒኩን ሩሲያኖች የሠሩት ገና በ1950ዎቹ ነው፣ ጥጡ ከደጃችን ክር ሆኖ ይወጣ ነበር። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፣ ፖሊመር ማለት እሱ ነው።

ከአባይ ማዶ፦
ጀመራችሁ። ሁሉ ነገር ባህር ዳር ሁሉ ነገር ባህር ዳር። ማርቆስ ላይ እናትህ እንዝርት የላትም?

ባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር፦
እናት አትንካ

ጮቄ ንፋስ፦
ዛሬ የሁሉም እናት ነው የተነካው

የኔታ ቁጥሩ፦
ወሬ አታብዙ። አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ተለካ ወይ? ተጻፈ ወይ?

ከአባይ ማዶ፦
ተለክቷል። እህቴ ደብተሯ ላይ አለ። እኩል ኮላ ሦስት ኩባያ ላይ ቦራክሱን አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ አድርጋ እስኪበጠስ እየሳበች በማስመሪያ ለክታለች። አንዱ እንደ ማር ተዘረጋ፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ ሦስቱ ትንሽ ስቦ እንደ ብስኩት ቀጭ አለ። ሰንሰለቱ በጣም ሲታሰር መንሸራተቻ ያጣል ብላ ራሷ ነው የጻፈችው። ግራፍም ሠርታለች።

የኔታ ቁጥሩ፦
ግራፉን ላክልኝ።

ከአባይ ማዶ፦
ላክሁ፣ ይኸው ከታች።

የኔታ ቁጥሩ፦
በቁሙ መስመር ላይ አሃድ የለም። ሴንቲ ሜትር ነው? ስንዝር ነው? ሦስት ነጥብ በቀጥታ መስመር አያይዛለች፣ በመካከሉ ምን እንዳለ በምን አወቀች?

ቢቸናዊት፦
ወይ ጉድ! አሁን ማረም ጀመሩ። ትናንት ማቡካት ነው አሉ፣ ዛሬ አሃድ የለም። መጀመሪያ ሳይንስ አይደለም ያሉትን ምን ብለው ነው የሚያርሙት?

የኔታ ቁጥሩ፦
የተማሪ ደብተር አይቼ ዝም ማለት አልችልም፣ በሽታዬ ነው። ይሄ ከክርክሩ ጋር አይያያዝም።

ኮላው፦
የኔታ፣ እንግዲያው አንድ ሒሳብ ልስጥዎት፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያሰብነው ነው። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ይህን ማን ለክቶ ያውቃል? ሱቁም ደንቡም እኔም አልለካሁም። ልጁ ግን ማስመሪያ አለው። ፌስታል ሁለት ገጽ ነው፣ አምስት ጊዜ አጣጥፈው 64 ንብርብር ይሆናል፣ አየሩን ጨምቀህ ለካው፣ ለ64 አካፍል። ሁለት ሚሊ ካልሞላ ፌስታሉ ያኔውኑ የተከለከለ ነበር ማለት ነው። ክፍልፋይ ጠፋቸው አላሉም? ይኸው ክፍልፋይ። ሌላም አለ፤ የሃይላንዱን ጠርሙስ ቆርጠን ውሃ ውስጥ ስንጥለው ይሰጥማል፣ ክዳኑ ግን ይንሳፈፋል። አንድ ዕቃ የመሰለን ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ነው።

የኔታ ቁጥሩ፦
64 በ0.03 1.92 ነው እንጂ ሁለት አይደለም።

ኮላው፦
በማስመሪያ 1.92 ያንብቡልኝ እስኪ

ጮቄ ንፋስ፦
😂 የኔታ ተያዙ

የኔታ ቁጥሩ፦
አልተያዝሁም። ሁለት ፌስታል ደርበህ ብትለካ ስህተቱ ይቀንስ ነበር፣ አላሰባችሁትም። ደግሞ ፌስታሉን ጥሩ አልሁ እንጂ ኮላውን ተቀበልሁ አላልሁም። ማቡካት ማቡካት ነው።

ከደጀን በታች፦
የወተቱ ነገር አልተመለሰልኝም

ኮላው፦
ከበዓል በኋላ በድንች ስታርች እናደርገዋለን፣ በጾም የሚበላ ፖሊመር። ተስማማህ?

ከደጀን በታች፦
ድንቹስ ስንት ነው በኪሎ

ላብራቶሪ ቤት፦
ድንቹ ላይ ማለስለሻው ግሊሰሪን ካልገባ እሱም ይሰነጠቃል፣ ፋርማሲ አለ። አሁንም «ፕላስቲክ ሠራን» ብላችሁ እንዳትለጥፉ።

ቢቸናዊት፦
ዳይፐሩን ማንም አላነሳም። እህቴ ያዘለችውን ልጅ ዳይፐር ነው የቀደዱት 😂 አንዲት ልጅ ውስጡ ያለው ዱቄት ውሃውን ጠጥቶ እንደ በረዶ ተቆልሎ ሳለ ጨው ነሰነሰችበት፣ ውሃውን ለቀቀው። «ሽንኩርት ላይ ጨው ሲነሰነስ እንደሚያለቅሰው» አለች። 8ኛ ክፍል ናት።

የኔታ ቁጥሩ፦
እሷን እወቂልኝ፣ የማን ልጅ ናት?

ቢቸናዊት፦
የሚጋግሩ ሴት ልጅ ናት መምህር። የፕሮፌሰር ልጅ።

ባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር፦
ለማንኛውም የቢቸና ጤፍ አብሲት አያስፈልገውም፣ ራሱ ዓይን ያወጣል ሲባል ሰምቻለሁ

ቢቸናዊት፦
ማነው ያለህ?? አብሲት የማያስፈልገው ጤፍ የለም፣ ቢቸናም ይሁን ደጀን። ባህር ዳር ላይ እንጀራ ከሱቅ ስትገዙ ኖራችሁ አሁን ልታስተምሩን።

ከደጀን በታች፦
የደጀኑ ጤፍ ግን በእርግጥ ትንሽ ይበቃዋል

ቢቸናዊት፦
እንግዲህ አንተም ጀመርህ