ለጉዞ ብሎገር ሥልጠናና ጉባኤ የከተማ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

አወያይ፦
ያ ጀማዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። የትናንቱ ወሬ በድምፅ መልእክት ተበታትኖ ስለቀረ እዚህ በጽሑፍ ላሰባስበው። ነገሩ ይሄ ነው። ድሬና ሐረር ላይ ስለ ጉዞ የሚጽፉና ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች፣ ማለትም ጦማሪዎች፣ አሉ። ሁለቱ ከተሞች ከቱሪዝም በጀታቸው ቀንሰው ያሠልጥኗቸው፣ በየዓመቱም ሁለት ሰው ውጭ ወዳሉ የዘርፉ ጉባኤዎች ይላኩ የሚል ደብዳቤ ይጻፍ ተብሏል። እኔ ደጋፊ ነኝ፣ ከአሁኑ ልናገር። ጦማሪ የሚለው ቃል የማይጥማችሁ ብሎገር በሉ፣ በሱ አንጣላም።

የጁገል አስጎብኚ፦
እኔ የሐረርን አሮጌ ባለ ግንብ ከተማ፣ ጁገልን፣ ነው የማስጎበኘው። ተቃዋሚ ነኝ። አምና ከኪሴ ከፍዬ ሁለት ቀን ሠልጥኛለሁ። አሠልጣኙ ስለ ርዕስ አመራረጥ፣ ጉግል ላይ ከላይ ስለ መውጣት፣ ስለ ሃሽታግ አወራ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሰርተፍኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ አለቀ። የጻፍኩትን አንብቦ «እዚህ ጋ ዋሽተሃል» ወይም «እዚህ ጋ ደበረኝ» ያለኝ ሰው የለም። ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አስደርጌ ሰቅዬዋለሁ። እናቴ ደስ ብሏታል።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ፣ አንድ መጥፎ ሥልጠና አይተህ ሁሉንም አትቅበር። ምግቡ ያልጣመህ ሆቴል ገብተህ ምግብ አቆምክ?

እንግዳ ተቀባይዋ፦
ድሬ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። «ብሎገር ነኝ፣ ሁለት ቀን በነጻ አሳድሩኝ፣ አስተዋውቃችኋለሁ» እያለ የሚመጣው ብዙ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሁሌ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስንት ሰው ያይሃል? የሚያዩህ ሰዎች የት አገር ናቸው? ባለፈው የጻፍክለት ሆቴል ምን አተረፈ? አብዛኞቹ የመጀመሪያዋን መልሰው ዝም ይላሉ። አንዲት ልጅ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። አንባቢዎቿ የት የት እንዳሉ፣ ስንት ፎቶ እንደምትሰጠን፣ መቼ እንደምታደርስ ተጽፏል። ከታች ደግሞ «በነጻ ማደሬን ለአንባቢ እናገራለሁ» ይላል። ክፍሉን አገኘች። የት ተማርሽው ስላት ሥልጠና ላይ አለችኝ። ስለዚህ ሁሉም ሰርተፍኬት ለግድግዳ አይደለም።

የሚኒባስ ሹፌር፦
በነጻ አደርኩ ብላ ከተናገረች ማን ያምናታል?

እንግዳ ተቀባይዋ፦
ደብቃ ስትያዝ ነው የማትታመነው። አሜሪካ ውስጥ እኮ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ብሎገሮች በነጻ ያገኙትን እንዲገልጹ በመመሪያው ይጠይቃል። እኛ ጋ ግን እንደ ነውር ይታያል።

ቪዲዮ ሠሪዋ፦
እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው እንዲያካፍልሽ 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልግሻል፣ በዚያ ላይ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት አለብሽ። ስለ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት)፣ ስለ ነደባው (ውስጡ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ)፣ በር ላይ ስለሚሰቀለው ጥቅል ምንጣፍ አንድ ወር ለፍቼ ሠራሁ። ዘመዶቼ አዩት። በስልኬ ያነሳሁትን የጅብ ቪዲዮ ግን ሳላስበው ብዙ ሰው አየው። ይሄንን የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። በርሊን መሄድ ግን አልፈልግም። ማይክ ግዙልኝ።

የሚኒባስ ሹፌር፦
በርሊንን ካነሳሽ አይቀር እኔም አለኝ። አይቲቢ በርሊን የሚባለው ትልቁ የጉዞ ገበያ በፈረንጅ መጋቢት ነው አሉ፣ የለንደኑ ደግሞ ኅዳር። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ብቻ 90 ዩሮ ነው። ከተከለከልክ አይመለስም። አዲስ አበባ መመላለሱ፣ ሆቴሉ፣ የባንክ ወረቀቱ አልተቆጠረም። የከተማ ገንዘብ ቪዛ በር ላይ ሲፈስ ማን ይጠየቃል?
ሌላም ልጨምር። ብሎገሮቹን ከድሬ ሐረር የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሁሉም ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ይቀርጻል። «ይሄ ቦታ ምን ይባላል?» ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን አንድ ሰው ነው። መጠየቅ ሥልጠና ይፈልጋል እንዴ?

አወያይ፦
የቪዛው ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርም። ጉባኤ ግን ንግግር ለመስማት ብቻ አይኬድም። ቲቤክስ የሚባለውን የጉዞ ብሎገሮች ስብሰባ እዩት። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ ነው የተጀመረው። ዋናው ጥቅሙ ብሎገሩና የቱሪዝም ቢሮዎቹ ፊት ለፊት መቀመጣቸው ነው። ኢሜይል ብትልክ የማይመልስልህ ሰው እዚያ ካርዱን ይሰጥሃል።

የቀድሞ ባቡር ሠራተኛ፦
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብሎግ አላውቅም። ግን ልጠይቅ። ራምቦን ማን አሠለጠነው? ፊልሙ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፣ ፈረንሳዊውን ባለቅኔ ነው። ሐረር የመጣው ለንግድ ነበር፣ ቡናና ቆዳ ሊገዛ። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተንስ? በ1855 (እ.ኤ.አ.) ጁገል ውስጥ አሥር ቀን ቆይቶ ዓለም ያነበበውን መጽሐፍ ጻፈ። ሃሽታግ አልነበረውም።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ለእኔ ነው የሚረዳው። ራምቦ ስለ ኦጋዴን የጻፈው ሪፖርት በ1884 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ታተመ። ለጂኦግራፊ ማኅበር ያሻገረለት አሠሪው ባርዴ ነው። ተቀባይ ባይኖረው ወረቀቱ ከቡናው ጆንያ ጋር እዚሁ ይቀር ነበር። ጉባኤ ማለት ያ ነው። ተቀባይ ማግኘት።

የጁገል አስጎብኚ፦
ቆይ ቆይ። ይሄን ነገር ካነሳችሁት ልጨርሰው። ያንን ሪፖርት ራምቦ ይጻፈው እንጂ ኦጋዴን ድረስ የተጓዘው እኮ ሶቲሮ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ ግሪካዊ። የሶቲሮ እግር፣ የራምቦ ስም! ዛሬ «ራምቦ ቤት» የምንለውን ሙዚየም እንኳ ሰውዬው ኖሮበታል የሚለውን የሚጠራጠር ብዙ ነው። እኔ ይሄንን ለእንግዳ እነግራለሁ። እንግዳው አንድ ሌሊት ያድራል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ማየት፣ ጠዋት ማኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ)፣ ከሰዓት ድሬ። ከዚያ «ራምቦ የኖረበትን ቤት ጎበኘሁ» ብሎ ይጽፋል። የነገርኩት ግማሹ ተጣሞ፣ ግማሹ በሱ ስም ይወጣል።
ወላሂ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። እኔ ሶቲሮ ነኝ። ስለዚህ ተቃውሞዬን ላስተካክል። ገንዘብ ይውጣ። ግን ሁለት ሰው በአውሮፕላን ለመላክ አይሁን። ጽሑፍ ማረም የሚችል አንድ ሰው እዚህ አምጥታችሁ አንድ ወር አስቀምጡልን። የጻፍነውን በቀይ ይሰርዝልን።

ቪዲዮ ሠሪዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ማይኩንም አትርሱ።

የከዚራ ልጅ፦
እሺ፣ ጉባኤውስ? ተቀባዩስ ከየት ይምጣ?

የጁገል አስጎብኚ፦
እኛ ጋ ይምጣ። ከረመዳን በኋላ የምናከብረው የሐረሪ በዓል ሸዋሊድ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል። ጁገልም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ስድስቱ ቀን ጾም አልቆ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍን አሥር የውጭ አሳታሚ፣ አሥር የጉዞ ወኪል ጋብዙ። ለእነሱ ቪዛ ከእኛ ይቀላል።

የከዚራ ልጅ፦
እና የእኛ ድሬ በዚያ ጊዜ ምን ትሠራለች? ታልፋለች?

እንግዳ ተቀባይዋ፦
አውሮፕላኑ የሚያርፈው ድሬ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት የእኛ ነው። በዓል ላይ ሐረር አልጋ እንደማይገኝ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

የሚኒባስ ሹፌር፦
በደንገጎ የማወጣቸው እኔ ነኝ። ስሙን እስኪጠይቁኝ ግን አልነግራቸውም።

አወያይ፦
ሁለት ሰው ይላክ የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ከፍቶኛል፣ ግን ሰርዤዋለሁ። የአራሚው ነገር አንደኛ ሆነ፣ ሸዋሊድ ሁለተኛ፣ ማይክ ሦስተኛ። መግቢያው ላይ ስለ ድሬ አንድ መስመር ልጨምር ነው። ጋሼ፣ ባቡሩ ድሬ የገባው መቼ ነበር?

የቀድሞ ባቡር ሠራተኛ፦
1902። በፈረንጅ። እሱን ደግሞ በደንብ ጻፈው፣ ባቡሩ ሲመጣ ነው ከተማው የመጣው።