የድሮ የጋዝ መብራት፦ ግፊት ቢጨመር ብርሃኑ ይጨምራል?

ፋኖስ ወዳድ፦
ጤና ይስጥልኝ። በከሰል ጋዝ ዘመን የተሠራ የግድግዳ መብራት ነው። በርነሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚነድበት ክፍል፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ነበልባሉን እንደ ዓሣ ጅራት ዘርግቶ የሚያወጣው ዓይነት ሲሆን ጫፉ የብረት ነው። አሁን የተገናኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ነው፤ ግፊቱ 20 ሚሊባር። ሲለኮስ ያፏጫል፣ ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል፣ ብርሃኑም ከሻማ እምብዛም አይሻል። ሬጉሌተሩን (የግፊት መቆጣጠሪያውን) ከፍ ላድርገው ወይስ ቀዳዳውን ላስፋው?

ጠጋኙ፦
ሁለቱንም ተው። ግፊቱ አሁንም በዝቶበታል።

በክፍት ነበልባል ውስጥ የሚያበራው ገና ያልተቃጠለ ጥላሸት ነው። ደቃቁ የካርቦን ብናኝ ግሎ ቢጫ ብርሃን ይሰጥና ጫፍ ላይ ሲደርስ ተቃጥሎ ያልቃል። ግፊት ሲበዛ ጋዙ ፈጥኖ ይወጣል፣ በዙሪያው ያለውን አየር ይዞ ይገባል፣ ብናኙም በወጉ ሳይፈጠር ይቀራል። ፉጨቱና ሰማያዊው ጠርዝ ይህንኑ ነው የሚነግሩህ። ግፊት ሲያንስ ደግሞ ነበልባሉ ይልፈሰፈሳል፣ ያጨሳል። ለዓሣ ጅራት በርነር የሚስማማው ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር የውሃ ዓምድ ነው። ያንተ 20 ሚሊባር ከ200 ሚሊሜትር ይበልጣል!

ለመለካት ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ጎማ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፈህ እስከ ግማሹ ውሃ ሙላበት። አንዱን ጫፍ ከበርነሩ በታች ካለው የመለኪያ ቀዳዳ ጋር አገናኝ፤ ሌላውን ክፍት ተወው። በሁለቱ ክንድ መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። መብራቱ እየነደደ ለካ፤ ተዘግቶ የሚነበበው ቁጥር ያታልላል።

የብረት ጫፉንም ቀይረው። ብረት ሙቀት እየሳበ የነበልባሉን ሥር ያቀዘቅዛል፤ ሲዝግ ደግሞ ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል መሆናቸው ይቀርና ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ስቲያታይት ከሚባለው ለስላሳ ድንጋይ የተሠራ ጫፍ ሁለቱም ችግር የለበትም። ቀዳዳውን በተሾለ እንጨት እንጂ በመርፌ አትጎርጉር።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በተፈጥሮ ጋዝ ብዙ አትጠብቅ። የከሰል ጋዝን ነበልባል ያደምቁት የነበሩት በውስጡ ያሉት ኤቲሊንና ቤንዚን መሰል ተናኞች ናቸው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሚቴን ደግሞ ጥላሸት የመፍጠር አቅሙ ደካማ ነው።

ሚዛን፦
ጠጋኙ ያለው ልክ ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው ማንትል ነው፣ ማለትም በነበልባሉ ላይ የሚጠለቀውና ሲግል ራሱ የሚያበራው የመረብ ከረጢት። ካርል አውር ፎን ቬልስባኽ በ1885 የፈጠራ መብት ያወጣበት የመጀመሪያው ብርሃኑ አረንጓዴ ይመታ ነበር፤ ሰው የወደደው 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ የሆነው በኋላ የመጣው ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የጋለ ሰማያዊ ነበልባል እንጂ ጥላሸት አይደለም።

የግፊቱም ሕግ ይገለበጣል። የማንትል በርነር አየር የሚስበው ከኖዝሉ (ጋዙ ከሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ) በሚወጣው ጋዝ ጉልበት ስለሆነ ሙሉ ግፊት ይፈልጋል። ጋዝ በዛ ብለህ ሩቢኔቶውን አታንቀው፤ ጉልበቱ ይወድቅና አየሩም አብሮ ይቀንሳል። የምትቀንሰው ኖዝሉን በትንሽ ቀዳዳ በመተካት ነው።

ፋኖስ ወዳድ፦
ገባኝ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ የማንትል በርነር አግኝቼ ከሲሊንደር በሚመጣ ፕሮፔን ባሠራውስ? ኖዝሉ 1 ሚሊሜትር ነው፤ ሬጉሌተሩ 37 ሚሊባር።

ሚዛን፦
እንዳለ ካገናኘኸው ማንትሉ ይጠቁራል። የሚወጣው ሙቀት የቀዳዳው ስፋት፣ የጋዙ ዎቤ ቁጥርና የግፊቱ ስኩዌር ሩት ሲባዙ የሚገኘውን ይከተላል። ዎቤ ቁጥር በአንድ ዓይነት ቀዳዳና ግፊት ጋዞች የሚሰጡትን ሙቀት ማነጻጸሪያ ነው፤ ለተፈጥሮ ጋዝ 50፣ ለፕሮፔን 81 ሜጋጁል በኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው።

50 ለ81 ሲካፈል 0.617። ግፊቱ ደግሞ 20 ለ37 ሲካፈል፣ ስኩዌር ሩቱ 0.735። ሁለቱ ሲባዙ 0.45። ይህ የስፋቱ ነው፤ ለዲያሜትሩ እንደገና ስኩዌር ሩት ስታወጣለት 0.67 ይመጣል። 1 ሚሊሜትሩ ወደ 0.67 ይወርዳል ማለት ነው። ሳትቀይር ብትለኩሰው ከተሠራበት ሙቀት 2.2 እጥፍ ትሰጠዋለህ። ኖዝሉን የተለካ ግዛ፤ በእጅ የተበሳ ጠርዙ ሸካራ ይሆንና ጋዙ ጠምሞ ይወጣል።

አዲስ ማንትል ስታስር ጋዙ ዝግ ይሁን። ከረጢቱን ከታች በክብሪት ለኩሰው፤ ጨርቁ አጭሶ እስኪያልቅና ነጭ አመድ ብቻ እስኪቀር ጠብቅ። ከዚያ ወዲያ በጣት መንካት የለም። ጋዙን ክፈትና ለኩስ፤ የአየር መግቢያውን ቀለበት ቀስ እያልክ ክፈት። ብርሃኑ እየጨመረ ሄዶ መቀነስ ሲጀምር ትንሽ መልሰው።

ጭስ አልባ፦
ጥቂት ልጨምር። ማንትሉ ዙሪያውን ከጠቆረ አየር አንሶታል፤ ቀለበቱን ስትከፍት ጥላሸቱ ራሱ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ መጥረግ አያስፈልግም። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ከጠቆረ ግን ኖዝሉ ጠሟል፣ ወይም በማደባለቂያው ቱቦ ውስጥ የሸረሪት ድር አለ። ለረጅም ጊዜ ሳይበራ በቆየ መብራት ላይ መጀመሪያ የማየው ድሩን ነው።

ብርሃኑ ድንገት ደብዝዞ ከታች ጉምጉምታ ከተሰማ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኖዝሉ ላይ እየነደደ ነው። ወዲያው ዝጋ፤ ሲቀዘቅዝ በርነሩ አፍ ላይ ያለው የሽቦ ወንፊት ተቀዶ ወይም ላልቶ እንደሆነ ተመልከት።

የቶሪየም ማንትል አመዱ ሬዲዮአክቲቭ ስለሆነ ወደ ውስጥ አትተንፍሰው፤ የተሰበረውን በእርጥብ ጨርቅ አንሳ። በቶሪየም ፋንታ በኢትሪየም የተሠራው ማንትል ይህ የለበትም፤ ብርሃኑ ግን ትንሽ ያንሳል።

ያረጀው ሩቢኔቶም አይታመንም። ሾጣጣውን ቡሽ አውጥተህ አጽዳ፣ ለጋዝ የተሠራ ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ገጥመህ በሳሙና አረፋ ፈትሽ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታውን ቁመህ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ብለህም ፈልግ።