የጋራ የስልክ ሣጥን፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የኔ ረቂቅ አጭር ነው። የኛ የዌብሳይት ሠሪዎች ማኅበር ያገለገሉ ስልኮች የያዘ ሣጥን ይኑረው፤ አባላት ዌብሳይት ከማስረከባቸው በፊት እነሱ ላይ ይሞክሩ።

ለምን እንዳነሣሁት ልንገራችሁ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ሠርቼ ነበር። ላፕቶፔ ላይ መስኮቱን እያጠበብኩ ሞከርኩት፤ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ክሊኒኩ ድረስ መጡ። «ቀጠሮ ያዝ» የሚለው በተን እሳቸው ስልክ ላይ የለም! ገጹ የስክሪኑን ሙሉ ቁመት እንዲይዝ አድርጌ፣ በተኑን ከታች ለጥፌ፣ እንዳይንሸራተትም ዘግቼው ነበር። ስልክ ላይ ግን የብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ከላይ ቦታ ይወስዳል። በዚያው ልክ የገጹ ግርጌ ከስክሪኑ በታች ይወርዳል። እኚያ እናት ከቤታቸው ሆነው ሊጨርሱት ለሚችሉት ነገር ሁለት ታክሲ ይዘው መጡ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አባል፣ ከሐዋሳ
እህቴ፣ እኔንም ገጥሞኛል። መድኃኒቱ «ዲቪኤች» ነው ይሉሻል፤ የአድራሻ መስመሩን ቀንሶ ቁመቱን የሚለካው ማለት ነው። ነገር ግን ክሮም ይህን መለኪያ ያወቀው 108ኛው ስሪት ላይ ነው። አንድሮይድ 6 የጫነ ስልክ ደግሞ ክሮም 106 ላይ ቆሟል። በሁለት ስሪት አመለጠው። አንድሮይድ 7 ደግሞ 119 ላይ ነው የቆመው፤ ዲቪኤችን ቢያውቅም እሱም ከዚያ በላይ አይታደስም። ስለዚህ ደንበኛውን «አፕዴት አድርግ» ማለት ዋጋ የለውም፤ አፕዴቱ አይመጣለትም።

የአድራሻ መስመሩን ሳይቀንስ የሚለካውን የድሮውን «ቪኤች» አስቀድሞ ጽፎ ዲቪኤቹን ከሥሩ ማስከተል ይቻላል። ብሮውዘር ያላወቀውን መስመር ዘሎ ያልፋል። ግን አሮጌው ስልክ ላይ በተኑ ያው እንደተደበቀ ይቀራል። እኔ ብሆን በተኑን ከፎርሙ ሥር አስቀምጬ ገጹ ይንሸራተት እላለሁ።

ረቂቁ ላይ «ያገለገሉ ስልኮች» ማለት አይበቃም። «ቢያንስ አንዱ አፕዴት የቆመበት ይሁን» ተብሎ ይጻፍ።

አባል፣ ከዋሽንግተን
አይፎንንም አትርሱት። እዚህ የምሠራው ለሐበሻ እድሮች ነው፤ ቅሬታ የሚመጣልኝም ከአይፎን ነው። እዚህ አይፎን ላይ ክሮም ጫናችሁ ፋየርፎክስ፣ ከውስጥ ገጹን የሚያሳየው ሞተር የሳፋሪው፣ ማለትም የአይፎኑ የራሱ ብሮውዘር፣ ዌብኪት ነው። ሦስቱንም እየከፈቱ መሞከር አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ማየት ነው። ለውጥ የሚያመጣው የአይኦኤሱ (የአይፎኑ ሲስተም) ስሪት ነው፤ ሳፋሪ የሚታደሰው ከሱ ጋር ነውና።

አይፎን 6 አይኦኤስ 12 ላይ ቀርቷል። በፍሌክስ፣ ማለትም ነገሮችን ጎን ለጎን በሚደረድረው ዘዴ፣ የተደረደሩ በተኖችን የሚያራርቀው «ጋፕ» ደግሞ ሳፋሪ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ14.1 ስሪት ነው። እዚያ ስልክ ላይ «ላክ» እና «ሰርዝ» ተጣብቀው ይታያሉ። አውራ ጣት የቱን ይነካል?

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ አይፎን 6 አለ። ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ።

አባል፣ የፎንት ባለሙያ
ስለ ፊደላችን ማንም አላነሣም። ዌብሳይቱ የራሱን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ካላመጣ እያንዳንዱ መሣሪያ ያለውን ያወጣል። የአፕል ፎንት «ከፋ» የሚባለው ነው፤ የአንድሮይድ «ኖቶ»። ዊንዶውስ 7 ኒያላን ያወጣል፤ ከ8 ወዲህ ኤብሪማ ተጨምሯል። የአንዱ ስፋትና ቁመት ከሌላው አይገጥምም። እናንተ ጋ በአንድ መስመር ያለቀው «የተመላላሽ ታካሚ ምዝገባ» ሌላው ጋ ሁለት መስመር ይሆናል። የበተኑ ቁመት በፒክስል (በስክሪን ነጥብ ቁጥር) ከታሰረ የፊደሉ አናት ይቆረጣል።

ኒያላ ደግሞ ወፍራም ቅርጽ የለውም። ብሮውዘሩ ራሱ ሲያወፍረው ጩ እና ሟ ውስጣቸው ይደፈናል። በትናንሽ ርዕሶች ላይ ማንበብ ያስቸግራል።

አንድ የጋራ የሙከራ ገጽ ላዘጋጅ። ረጃጅም ቃላት፣ ወፍራም ጽሑፍ፣ ጠባብ በተን፣ የቀን መሙያም ይኑረው። የብሮውዘሮቹ የራሳቸው ቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ከየት ያግኘው?

ገንዘብ ያዥ
ልጆች፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ስልኮችን በኢንተርኔት የሚያከራዩ አገልግሎቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክፍያቸው ግን በዶላር ነው፣ በየወሩ። ለኛ አቅም ሣጥኑ ይሻላል። ለመሆኑ ስልኮቹን ማን ይይዛል? ባትሪያቸውስ?

አባል፣ ከሐዋሳ
ጋሼ፣ ባትሪውን ባዶም ሙሉም አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ግማሽ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ የሚብሰው ሌላ ነው። አንዱ አባል ሳያስበው አፕዴት ቢነካ የምንፈልገው አሮጌ ስሪት ሊጠፋብን ይችላል። በተለይ አይፎኑን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ጸሐፊ
እንዲህ አሻሽየዋለሁ፤ እዩልኝ፦

«ማኅበሩ ለሙከራ አራት ስልኮች ይይዛል፦ አፕዴት የቆመበት አንድሮይድ፣ አዲስ አንድሮይድ፣ አሮጌ አይፎን እና አዲስ አይፎን። አባላት ከማስረከባቸው በፊት ቅጽ ያለበትን ገጽ በአራቱም ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞላሉ። በ320 ፒክስል ስፋትም፣ የስልኩ ፊደል ትልቁ መጠን ላይ ሆኖም ይሞከራል። የፊደል መሞከሪያው ገጽ በሁሉም ይከፈታል፤ በዊንዶውስም ጭምር። የስልኮቹ አፕዴት ተዘግቶ ይቀመጣል። የግል አካውንት አይገባባቸውም።»

ትልቁን ፊደል የጨመርኩት እኚያ እናት ስልካቸውን እንዲያ አድርገው ስለሚጠቀሙ ነው።

አባል፣ ከዋሽንግተን
ዳታ ቆጣቢው ብሮውዘር ኦፔራ ሚኒስ?

ጸሐፊ
ዳታ አጥብቆ በሚቆጥብበት ጊዜ ገጹን ሰርቨር ላይ አዘጋጅቶ ነው የሚልከው፤ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ጃቫስክሪፕትም እንደልብ አይሠራም። ገጹ እንዲያምር አንጠይቅ። ቅጹ ተሞልቶ መላኩን ግን እንፈትሽ። እጨምረዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
እኔ ደግፌያለሁ። ሣጥኑን ቢሮ አስቀምጠዋለሁ፤ መውሰጃ ደብተርም አዘጋጃለሁ።

አባል፣ ከሐዋሳ
አንድሮይድ 6ቱ ከኔ። የእናቴ የነበረ ሳምሰንግ ነው፤ ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ግን ይሠራል። ዋይፋዩን አጥፍቼ አመጣዋለሁ።