የ12 ቮልት ሃሎጅን ስፖት በኤልኢዲ ሲቀየር ብልጭ ድርግም ይላል፤ ትራንስፎርመሩ ነው ዲመሩ?

የቤት ጣጣ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ 6 ሃሎጅን ስፖቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት 50 ዋት፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያላቸው (ጂዩ 5.3)። ለየራሳቸው 220ውን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር አላቸው፣ «20–60 ዋት» ይላል። የግድግዳው ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ላይ ደግሞ «60–400 ዋት» ተጽፏል። ሦስቱን በ5 ዋት ኤልኢዲ ስቀይር ሁለቱ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ አንዱ ጭራሽ አይበራም። አምፖሎቹን አቀያይሬ አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው። የቀሩትን ከመግዛቴ በፊት ምን ላድርግ?

ባለቴስተር፦
አሁን የሚያስቸግርዎት ትራንስፎርመሩ ነው። «20–60» ማለት ቢያንስ 20 ዋት ካልተሳበበት በወጉ አይሠራም ማለት ነው። 5 ዋት ብቻ ሲገጥመው ይነሣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ያ ሙከራ ነው። ዲመሩ ለጊዜው ዝም ያለው የቀሩት ሦስት ሃሎጅኖች 150 ዋት ስለሚስቡ ነው። ስድስቱም ሲቀየሩ ጠቅላላው 30 ዋት ይሆናል፣ ያኔ እሱም በተራው ያስቸግራል።

አንዳንዱ «አንድ ሃሎጅን አስቀር» ብሎ ይመክራል። ይህ የሚያዋጣው አንድ ትራንስፎርመር ብዙ አምፖል ሲመግብ ነው፤ የእርስዎ ለየብቻ ስለሆነ አይጠቅምም።

በእኔ ግምት የሚሻለው ትራንስፎርመሮቹን አውጥቶ ጂዩ 10 ሆልደር (አምፖሉ ገብቶ ዞሮ የሚቆለፍበት መያዣ) መግጠምና በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ መጠቀም ነው። ዲያሜትሩ ያው 50 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ ጊዜ በነባሩ ቀለበት ይገባል፤ ቁመቱ ግን ትንሽ ስለሚበልጥ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ብሬከሩን ያጥፉ፣ በቴስተር ያረጋግጡ፣ ከትራንስፎርመሩ የ220 መግቢያ በኩል ፌዝና ኒውትራሉን (ኃይል የያዘውንና መመለሻውን ሽቦ) ነቅለው ከሆልደሩ ሽቦ ጋር ያገናኙ። መገናኛው ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ በናስትሮ ጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ መተው አይሆንም።

ባለፒንሳ፦
ከላይ የተባለው ላይ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በ12 ቮልት ሲሠራ የነበረ የብረት ቀለበት ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) አያስፈልገውም ነበር፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አልተሳበለትም። 220 ካስገባችሁበት የብረቱ አካል የግድ ኧርዝ መደረግ አለበት። የኧርዝ ሽቦ ከሌለ ወይ ቀለበቱን ለ220 በተሠራ ፕላስቲክ ቀይሩት፣ ወይ 12 ቮልቱን ትታችሁ ትራንስፎርመሩን ብቻ በ12 ቮልት ኤልኢዲ ድራይቨር (ለኤልኢዲ በተሠራ ኃይል መቀየሪያ) ተኩት። ለአንድ 5 ዋት አምፖል ከ0 ወይም ከ1 ዋት ጀምሮ የሚሠራ ትንሽ ድራይቨር ይበቃል። ተራ ድራይቨር ግን ከዲመር ጋር አይስማማም፤ ዲመሩን በተራ ማብሪያ መቀየር ይኖርባችኋል። ከትራንስፎርመር ወደ አምፖል የሚሄደውን የድሮ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለ220 እንዳትጠቀሙበት።

የቤት ጣጣ፦
ኧርዝ አለ፣ አይቼዋለሁ። እንግዲያው ጂዩ 10። ዲመሩ እንዲቀር እፈልጋለሁ፤ ምን ዓይነት ልግዛ? የብርሃኑስ መጠን?

ባለቴስተር፦
አምፖሉ ላይ «ዲመብል» (በዲመር የሚቀነስ) የሚል ይፈልጉ፤ ካልተጻፈበት አይሞክሩት። ዲመሩ የትሬሊንግ ኤጅ ዓይነት፣ ማለትም የየሞገዱን መጨረሻ እየቆረጠ የሚቀንስ ይሁን (ብዙ ጊዜ R እና C ፊደላት ይኖሩበታል)፣ ዝቅተኛው ጭነቱም ከ30 ዋት በእጅጉ ያነሰ፣ ለምሳሌ 5 ዋት። ከገጠሙ በኋላ መጨረሻ ድረስ ዝቅ ያድርጉት፤ እዚያ ላይ ጭል ጭል ካለ ዲመሩ ጎን ያለችውን የዝቅተኛ ገደብ ማስተካከያ ትንሽ ከፍ ያድርጉ።

ለ50 ዋት ሃሎጅን ምትክ ዋቱን ትተው ከ400 ሉመን (የብርሃን መጠን) ያላነሰ፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ቀለም)፣ የጨረር ስፋቱ 36 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ይምረጡ። 120 ዲግሪው ሉመኑ እኩል ቢሆንም ብርሃኑን ስለሚበትነው ከታች ደብዘዝ ይላል። ሃሎጅን ሲቀነስ ወደ ቀይ ያደላ ነበር፣ ተራው ኤልኢዲ ግን ቀለሙን አይለውጥም።

ባለፒንሳ፦
አጥፍታችሁት ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ካለ ሆልደሩ ላይ በቴስተር እዩ። ማብሪያው ጠፍቶ ፌዝ ካለ፣ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው፤ አምፖል ስትቀይሩም ስለሚይዝ ፌዙ በማብሪያው እንዲያልፍ አስተካክሉት። ፌዝ ከሌለ ማብሪያው ውስጥ ያለች ትንሽ የኒዮን መብራት ልትሆን ትችላለች፣ እሷን ማውጣት ይበቃል። ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ጥጥ ካለም ከአምፖሎቹ ጀርባ አርቁት፤ የኤልኢዲን ዕድሜ የሚያሳጥረው ውስጡ ያለው ድራይቨር መጋሉ ነው።